ሲስተር ሐዋ ያበሩት ቤት

ሲስተር ሐዋ ባለፈው ዐርብ ጠዋት ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ። በዚያው ቀን ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበሩ። እኛ በሰው ቤት የምንሠራው ወሬው ዘግይቶ ደርሶን፣ ከየአሠሪያችን ፈቃድ ለምነን ስንመጣ ቀብሩ አልፎ ነበር። ሴቶቹ ከደረጃው ጀምረው እስከ ሰገነቱ ድረስ ሞልተዋል። ግማሾቹ ሱዳናውያት፣ ግማሾቹ የወሎ ልጆች ናቸው፤ በሁለት ቋንቋ ይለቀሳል። በሦስተኛው ቀን አንዲት እኅታችን፣ ወደ ጂዳና ወደ ቤይሩት የተበተኑት ልጆችም እንዲሰሙ ስለ እሳቸው በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ይኑር አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት መናገርም አይሆንልኝም። ሲጽፉ ግን ማንንም ቀና ብሎ ማየት አያስፈልግምና እሺ አልኩ።

ለማያውቋቸው ይህን ልበል። የሲስተር ሐዋ እናት የወሎ ሴት፣ አባታቸው ሱዳናዊ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ካርቱም ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በነርስነት አገልግለዋል፤ «ሲስተር» የሚለው ስም ከዚያ ቀረላቸው። አማርኛን የተማሩት ከእናታቸው አፍ ብቻ ስለሆነ እኛ እንኳ የረሳነው የአያቶቻችን ቃል ከዐረብኛ ጋር ተደባልቆ ይወጣቸዋል። «ያላ» ብለው ጀምረው «እሰይ የኔ ዓለም» ብለው ይጨርሳሉ። ልጅ አልወለዱም። ፎቶግራፍ ማንሳት መተዳደሪያቸው ሆኖ አያውቅም፤ ግን ከነርስነታቸው ቀጥሎ ሲደክሙለት የኖሩት ለእሱ ነው።

ዐርብ ዐርብ ሰገነታቸው ለእኛ ክፍት ነበር። ለአገር ቤት የሚላክ ፎቶ የምትፈልግ ልጅ ሁሉ ትመጣለች። ገና ደረጃው ላይ ሆነን አንዳችን የሌላችንን ወርቅ እንዋዋሳለን። እሳቸው ከላይ ያዩንና፣ «ያንቺ ያልሆነውን አውልቂ። እናትሽ ልጇን እንጂ ወርቁን አልናፈቀችም» ይላሉ። ልጅቱ ስታኮርፍ ደግሞ ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «እሺ፣ አንዲቷን አምባር ተያት። እናትም ጎረቤት ፊት ትንሽ ትኩራ እንጂ» ብለው ያስቁናል።

እኔን ወደ እሳቸው ያመጣኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ካርቱም የገባሁት በዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ገና ልጅ ሆኜ ነው። አብረውኝ ድንበር ከተሻገሩት መካከል በስሜ የምትጠራ ሌላ ልጅ ነበረች። እሷ በመንገድ ላይ በውሃ ጥም ሞተች። ወሬው አገር ቤት ሲደርስ «ጦይባ ሞተች» ተብሎ ደረሰ። እናቴ የእኔ መስሏት ሐዘን ተቀመጠች፤ ሰደቃዬንም አወጣች። በእኛ አገር ያኔ ስልክ የለም። ጋሼ ሰይድ የሚባሉ በካርቱምና በወሎ መካከል የሚመላለሱ ነጋዴ ይህን ሲነግሩኝ፣ በሕይወት መኖሬን የሚያሳይ ፎቶ ልስጥዎት ብዬ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ ወደሚገኝ ፎቶ ቤት ሮጥኩ።

ፎቶ አንሺው ባሕርና የዘንባባ ዛፍ ከተሳለበት መጋረጃ ፊት አቆመኝ። አገጬን በጣቱ ቀና አደረገ። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ፊቴ እንደ ዱቄት ነጥቷል፤ ከቅንድቤ በላይ ያለው ጠባሳም ጠፍቷል። እሱ ያሳመረኝ መስሎታል፤ እውነቱን ለመናገር ለእኔም ያማርኩ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ሰይድ ፎቶውን ይዘው ሄዱ፤ ሲመለሱ ዓይኔን ማየት ፈሩ። እናቴ ፎቶውን አገላብጣ አይታ እንዲህ ብላ ነበር፦ «ይቺ የማን ልጅ ናት? የኔን ቀብራችሁ የሰው ልጅ ታሳዩኛላችሁ?»

ያን ጊዜ ነው ልጆቹ እጄን ይዘው ወደ ሲስተር ሐዋ የወሰዱኝ።

ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙረው ጠባሳዬን እንደ ነርስ መረመሩት። ከምን እንደመጣ ጠየቁኝ። ልጅ ሆኜ ከደጃፍ ወድቄ ድንጋይ እንደፈነከተኝ፣ እናቴም ደሙ እስኪቆም በነጠላዋ ጫፍ ይዛው እንዳደረች ነገርኳቸው። «እሱ ፎቶ ቤት መታወቂያሽን ነው የፋቀው» አሉ።

አንድ ሰው ለአንድ ፊት ይህን ያህል ሲደክም ከዚያ በፊት አላየሁም። ፍላሽ አልነኩም፤ «ፍላሽ ፊትን በጥፊ ይመታዋል» ይሉ ነበር። ከሰገነቱ ክፍል በር አጠገብ፣ ፀሐዩ ከሚያበቃበት መስመር ትንሽ ወደ ጥላው ገባ አድርገው በተገለበጠ ሣጥን ላይ አስቀመጡኝ። እግሬ ሥር ነጭ አንሶላ ዘረጉ። ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ደነገጥኩ፤ አንሶላው የሰማዩን ብርሃን ተቀብሎ ከታች ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ከዓይኔ ሥር ያለው ጥላ ሁሉ ለሰለሰ። ጠባሳ ያለበትን ጎኔን ወደ ደጅ አዞሩት፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ጠባሳው እንደ ትንሽ ሸለቆ ጎልቶ ይታያል። ከኋላዬ የተሰጣው ልብስ እንዳይረብሽ የሌንሱን ቀዳዳ በሰፊው ከፈቱት፤ እንዲህ ሲሆን ከፊት ያለው ብቻ ጠርቶ የኋላው ይሟሟል አሉኝ። ካሜራውን ከዓይኔ ትክክል እንዲሆን ዝቅ ለማድረግ እሳቸው በዚያ ዕድሜ መሬት ላይ ተቀመጡ።

የቀረው የእኔ ዓይን ነበር። ካሜራውን ማየት አልቻልኩም። በሞከርኩ ቁጥር አንገቴ ይሰበራል።

አልተቆጡም። ካሜራውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወሬ ጀመሩ። «መርፌና ካሜራ አንድ ናቸው። መጀመሪያ ሰውየውን ታጫውቺዋለሽ፤ ሲረሳሽ ትወጊዋለሽ» አሉ። ስለ ከብቶቻችን፣ ስለ ወንዛችን ጠየቁኝ። በመካከሉ እናቴ ምን ብላ እንደምትጠራኝ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከዚያ ወሬው ወደ ሌላ ዞረ። እጄ ላይ ያለውን ጨርቅ እያጠፍኩ አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ፣ የራሳቸውን እናት በመሰለ የወሎ ድምፅ፣ ከሩቅ እንደሚጣራ ሰው ቀስ ብለው ጠሩኝ።

«ጦይብዬ።»

ቀና አልኩ። ካሜራው ጠቅ አለ። «ኸላስ፣ አለቀ» አሉ፤ ሌላ አላነሱም።

ጋሼ ሰይድ ያንን ፎቶ ይዘው ሄዱ። ክረምቱ አልፎ ሲመለሱ ገና ከበሩ እየሳቁ ነው የገቡት። እናቴ ፎቶውን ተቀበለች። ጠባሳውን በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ከዚያ፣ «ስጠራት ቀና የምትለው እንዲህ ነው» ብላ ተነሥታ የሐዘን ልብሷን አወለቀች። ይህን ለሲስተር ሐዋ ነገርኳቸው። እሳቸውም እናቴ ሌላ ምን እንዳለች ጠየቁኝ።

እናቴ ሌላም ብላ ነበር። ቀን ቀን ልጄ አለች እላለሁ፤ ሲመሽ ግን እሰጋላታለሁ፤ የት እንደምታድር አይታየኝም፤ የማላውቀው ቤት በሐሳቤ ሁሉ ጨለማ ነው ብላለች።

«እንግዲያው ማታውን እናሳያት» አሉ።

ሲስተር ሐዋ ከሰው ፊት ቀጥሎ የሚወዱት ሕንፃን ነበር፤ ያውም ሲመሽ። የሚያነሱት ከራሳቸው ሰገነት ወይም በባለቤቱ ፈቃድ ከግቢ ውስጥ ነው፤ መንገድ ላይ ካሜራ መትከል ጣጣ አለው። «የማታ ፎቶ በማታ አይነሳም» ይሉ ነበር፤ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሰማዩ ሰማያዊነት ሳይጠፋና የመስኮቱ መብራት ሲበራ፣ ሁለቱ እኩል የሚሆኑባት አጭር ጊዜ አለች። ያን ጊዜ የካሜራውን ዓይን ከፍተው ያቆዩታል። የሚያቆዩትን ጊዜ የሚለኩት በመቁጠሪያቸው ዚክር እያደረጉ፣ የአላህን ስም እየደጋገሙ ነው። «ሰዓት ያቻኩለኛል፤ ዚክር አያቻኩለኝም» ይሉ ነበር። አንድ ቀን የሰፈሩን መስጊድ እንዲህ ያነሱትን አሳዩኝ። አዛን የሚባልበት መናራ ወርቅ መስሏል፤ ያ ሁሌ ሰው የሚርመሰመስበት መንገድ ግን ባዶ ነው። ሰዎቹ የት ሄዱ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ነበሩ፤ አለፉ። ካሜራው እንዲህ ሲቆይ የሚያስታውሰው የቆመውን ነው።»

የምሠራበት ቤት ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር ነው፤ በረንዳ ያለው ትልቅ ግቢ። አሠሪዬ ሐጃ የሰው ዓይን ፈርተው ቤታቸው ፎቶ እንዲነሳ አልፈለጉም ነበር። ሲስተር ሐዋ መጀመሪያ የደም ግፊታቸውን ለኩላቸው፤ ስለ ፎቶው ያነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ተፈቀደ። ካሜራቸውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ሰኩት፤ ነፋስ እንዳያነቃንቀው እግሮቹን አሸዋ በሞሉ ቆርቆሮዎች ውስጥ አቆሙት። እኔን በሩ ላይ አቆሙኝ። የግቢው ዘበኛ ዐም ኢድሪስም ጀላቢያውን አስተካክሎ ሳይጠራ ከአጠገቤ ቆመ።

«እንደ ድንጋይ ሁኑ። ተንፍሱ፣ ግን ቦታ አትቀይሩ» አሉን። ለእኔ ሕይወቴን ሁሉ ሳደርገው የኖርኩት ነገር ነው። እሳቸውም አይተው፣ «አንቺማ ለዚህ ነው የተፈጠርሽው» አሉኝ። ዐይነ አፋርነቴ ለአንድ ነገር ሲጠቅም ያን ቀን አየሁ።

የካሜራውን ዓይን ከፈቱ፤ መቁጠሪያቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ትንሽ እንደቆየ መብራት ጠፋ።

የሰፈሩ መብራት ሁሉ ነው የጠፋው። ያኔ መብራት መጥፋት የዕለት እንጀራችን ነበር፤ ግን ጋሼ ሰይድ ንጋት ላይ ወደ ወሎ ይነሣሉ፣ በካሜራው ውስጥ የቀረችውም የመጨረሻዋ ፊልም ናት። ዐም ኢድሪስ እያጉረመረመ ፋኖስ ፍለጋ ሄደ። እኔ የእናቴ ቤት እንደገና የጨለመ መሰለኝ፤ እንባዬ መጣ። ከጨለማው ውስጥ የሲስተር ሐዋ ድምፅ መጣ።

«እንዳትነቃነቂ። አታዪኝም እንጂ እዚሁ ነኝ።»

የካሜራውን ዓይን ሳይዘጉ የሌንሱን አፍ በጥቁር ካርቶን ከድነውት ኖሯል፤ ሰማዩ ቀድሞ ፊልሙ ላይ ገብቷል። ከቦርሳቸው የእጅ ባትሪ አወጡ። ካርቶኑን አነሡና፣ የሱዳን ሴቶች በሚጎናጸፉት ቶብ፣ በጥቁሩ፣ እንደተጠቀለሉ፣ ከካሜራው ፊት አልፈው ወደ ቤቱ ሄዱ። የባትሪውን ብርሃን በግድግዳው ላይ ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀለም እንደሚቀባ ሰው ያስኬዱት ጀመር። አንድም ቦታ አልቆሙም። በረንዳውን ቀቡ፣ ምሰሶዎቹን ቀቡ፣ የመስኮቶቹን ክፈፍ አንድ በአንድ ቀቡ። እኔ ጋ ሲደርሱ ፊቴን ለቅጽበት ነክተውት አለፉ። ከንፈራቸው ዚክር ላይ ነው። እኔ እንደ ድንጋይ ቆሜ አየኋቸው። አንዲት አሮጊት በጨለማ ውስጥ የሰው ቤት ሲያበሩ፣ ያውም ለማያውቋት እናት ብለው።

ፎቶውን ሌሊቱን ያጠበልን የሚያውቁት ሰው ነው። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ቤቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የበራ፣ እኔ በሩ ላይ። በኋላ ዐም ኢድሪስ ለእኛ የቀረውን ቅጂ አይቶ አዘነ፤ ከእሱ የቀረው የጀላቢያው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነበር። ራሴስ የት ሄደ ብሎ ጠየቃቸው።

«ፋኖስ ፍለጋ ሄደ፤ ይዘኸው ነው የሄድከው» አሉት።

ከእናቴ የመጣው መልስ ጥያቄ ነበር። አምፖል አይታየኝም፤ ግድግዳው ግን በርቷል፤ ለልጄ ያበራላት ማን ነው ብላ ላከችብኝ። ሲስተር ሐዋ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «የጠፋው መብራት ነው በያት» አሉኝ። እኔ ግን እውነቱን ነው የላክሁላት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ስንት ልጆች በዚያ ሣጥን ላይ እንደተቀመጡ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ራሳችሁ ተቀምጣችሁበታል። አሁን በአገራችን ስልክ ገብቷል። ዐርብ ማታ ለእናቴ ደውዬ ማረፋቸውን ነገርኳት።  «አንድ ጊዜ ላንቺ በከንቱ አልቅሻለሁ፤ አሁን ለእሳቸው በእውነት ላልቅስ» አለችኝ። በመልክ ለማታውቃቸው ሴት ሐዘን ተቀምጣለች።

ሲስተር ሐዋ፣ ያ ፎቶ ዛሬም በእናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። እርስዎ ግን አይታዩበትም። ከጥግ እስከ ጥግ በፊቴ ተመላልሰዋል፤ ስላልቆሙ ካሜራው አልያዘዎትም። ያለው ብርሃን ሁሉ የእጅዎ ነው። ዛሬ ሲመሽ እኔም እንደ እናቴ ሆንኩ፤ የት እንደሚያድሩ ማየት አቃተኝ። የሰው ልጅ ቤት ሲጨልም በእጅዎ እየዞሩ ያበሩትን ጌታ አይቷል፤ አዲሱን ቤትዎን እሱ በብርሃኑ ይቀባልዎ። ያን ማታ በጨለማው ውስጥ «አታዪኝም እንጂ እዚሁ ነኝ» ብለውኝ አምኜዎት ነበር። አሁንም አምኜዎታለሁ። በሩ ላይ ነኝ፣ አልተነቃነቅኩም። በሰላም ይለፉ፣ እናቴ።