ቱዎቪ፣ ፕላስቲኩና የቋሊማ መቆንጠጫው

ቱዎቪ ሂየታላ በብረት ታምናለች። በእግዚአብሔር የምታምነው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ በፖለቲከኛ ጭራሽ አታምንም፤ በብረት ግን ዘወትር። ኪቪኮስኪ በምትባለው የምዕራብ ፊንላንድ መንደር፣ የእርሻ መሣሪያ መጠገኛው ቤት ውስጥ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖው ላይ የቆመችው ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን ስልሳ አንድ ሞልቷታል። የተሰበረ የትራክተር ዘንግ ይዞ የሚመጣ ገበሬ፣ ካመጣው የተሻለ ይዞ እንደሚመለስ ያውቃል። ስድብ እንደሚመረቅለትም ያውቃል።

"ይኼን በምን ስትቀባው ነው የኖርከው፣ በጸሎት?" ትለዋለች።

ሽጉጧም ብረት ናት። ከባሏ ጋር ሲለያዩ እሱ ጀልባውን ወሰደ፣ እሷ በስሟ ፈቃድ አውጥታ ሽጉጧን ወሰደች። ጀልባውን በሁለተኛው ክረምት በረዶ ሰነጠቀው። ሽጉጧ ግን እስከ ዛሬ ጭረት አልወጣባትም። ከአፈሙዝ እስከ እጀታ ድፍን ብረት ናት፤ ካዝናዋ ሲሞላ የመዶሻ ያህል ትከብዳለች፤ ክብደቷም ስትተኮስ እንዳትራገጥ ያደርጋታል። የእጀታዋን ግራና ቀኝ ቱዎቪ ራሷ ከአሉሚኒየም ቆርጣ፣ እንደ ሞረድ አሻክራ ሠርታላታለች። ያንን እጀታ የጨበጠ ሰው ሳይወድ በግዱ ነው የሚለቀው።

ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ፣ ከጫካው ጀርባ ባለው አሮጌ የጠጠር ጉድጓድ ውስጥ የመንደሩ ተኳሾች ይሰበሰባሉ። ጨዋታው ቀላል ነው። ፊሽካ የምታህል መሣሪያ "ጢጥ" ስትል ሽጉጥ ከአፎት ይመዘዛል፤ እየተሯሯጡ የካርቶን ኢላማ ይበሳል፤ የብረት ሳህን ይጣላል፤ ሰዓቱ ይያዛል፤ የሳተ ነጥብ ይቀነስበታል። ቱዎቪ በዚህ ጉድጓድ ውስጥ ሃያ ክረምት አሳልፋለች። ከመንደሩ ቡድን አራት ቦታዎች አንዱ ሁልጊዜ የእሷ ነበር።

ከዚያ አውራ ጣቷ ከዳት።

ቁርጥማት ነው። ዶክተሩ "ዕድሜ ነው" አላት፤ እሷም "እኔም ያለክፍያ እነግርህ ነበር" አለችው። ቶርኖ ላይ እንደምንም ትችለዋለች። ያቺን ከባድ ሽጉጥ ከአፎት መንቀል፣ ከኢላማ ወደ ኢላማ ማዞር ግን የአውራ ጣትና የእጅ አንጓ ሥራ ነው። በፀደዩ ውድድር ላይ ካዝና ስትቀይር ጣቷ ተከፈተና ካዝናው ጠጠሩ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ከአፏ የወጣው ቃል ጥድ ያደርቃል። ቋሊማ ጠባሹ አርማስ ከመጥበሻው አጠገብ የቋሊማ መቆንጠጫውን ከፍ አድርጎ ኪሽ፣ ኪሽ አደረገላት።

ሁሉም ሳቀ። ቱዎቪ አልሳቀችም።

ምክንያቱም የኪቪኮስኪ ተኳሾች ጡረታ እዚያ ነው። ዓይኑ የደከመ፣ ጉልበቱ የከዳው ሰው "እስኪሻለኝ ቋሊማውን ልያዝላችሁ" ይላል። አርማስ ሌህቶሳሪም ትከሻውን የታከመ ጊዜ መቆንጠጫውን ሲያነሣ "ለዛሬ ብቻ" ነበር ያለው። ያ "ዛሬ" ሰባት ዓመት ሆነው። ከእሱ በፊት የነበረውም ከመጥበሻው የተነሣው ሬሳው ነው። ከቋሊማ ወደ ሽጉጥ የተመለሰ ሰው በመንደሩ ታሪክ የለም።

የበጋው ማብቂያ ላይ ከጎረቤት መንደር ከሃርማላ ጋር ዓመታዊው ግጥሚያ አለ። አምስት ሰው ለአራት ቦታ ይፎካከራል፦ ቱዎቪ፣ ሳኔልማ የምትባለው የላም አዳቃይ፣ በሕይወታቸው ተናግረው የማያውቁት ሁለቱ የኮርፔላ ወንድማማቾች፣ እና የቡድኑ አለቃ ራውኖ።

"የሚወስነው የመጪው ሐሙስ ውጤት ነው" አለ ራውኖ ደረቱን ነፍቶ። "አምስተኛ የወጣ አርማስን ያግዛል። ማንንም አላዳላም። እናቴም ብትሆን።"

ይህን ሲል ያየው ቱዎቪን ነበር።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሳኔልማ መኪናዋን ጋራዡ በር ላይ አቆመች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እጇ ጠዋት የት ውሎ እንደመጣ አይጠየቅም። ትርፍ ሽጉጧን ከሣጥኑ አውጥታ፣ ካዝናውን ነቅላ፣ ባዶ መሆኑን አሳይታ ቶርኖው አጠገብ አኖረችው። ከላይ የሚንሸራተተው ክፍሉና አፈሙዙ ብረት ነው፤ እጀታውና ገላው በሙሉ ፖሊመር የሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ። እጀታው ላይ እንዳያንሸራትት የአሸዋ ወረቀት የመሰለ ጎማ ተለጥፎበታል።

ቱዎቪ በሁለት ጣት አነሣችው።

"ምንድነው ይኼ? የእርጎ ዕቃ አቅልጠው ነው የሠሩት?"

"ከእርጎ ዕቃ ቢሆን ቁርስ ላይ ትልሺው ነበር። ዝም ብለሽ ያዢው።"

ቱዎቪ ዝም ብሎ መያዝ አታውቅም። ሚዛን ላይ አስቀመጠችው፤ የእሷን ግማሽ ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ካሊፐር በሚሉት የብረት መለኪያ እየለካች ዞረችው፤ የላይኛው ክፍል የሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ስትደርስ ዓይኗ በራ።

"እዚህ ውስጥ ብረት ቀብረዋል! አየሽ? ራሳቸውም አላመኑትም።"

"ብረቱን ለሚፋተግ ቦታ፣ ፕላስቲኩን ለማይፋተገው። አንቺ ብትሠሪው ሌላ ምን ታደርጊ ነበር?"

ቱዎቪ ይህን ላለመመለስ ቃታውን ሳበችው፤ ፊቷ ተኮማተረ።

"ይኼ ቃታ እርጥብ ስፖንጅ ነው። የእኔዋ እንደ መብራት ማብሪያ ናት። ቅ! አለቀ።"

"እሺ፣ ቃታው ላንቺ። የጥር በረዶ ላይስ? ያ የምትኮሪበት አሉሚኒየም ቆዳሽን ልጦ አያስቀርም? ዝናብ ላይስ? እኔ ይኼን ከላም በረት ወደ ተኩስ፣ ከተኩስ ወደ ላም በረት ይዤው ስዞር አንድ ቀን አልዛገም። ጀርባው ደግሞ ይፈታል፤ ለትንሽ እጅ ትንሹን ትገጥሚያለሽ። ጣትሽ ሳይለጠጥ ቃታው ላይ ይደርሳል።"

"ቀላል ስለሆነ ይራገጣል።"

"ይራገጣል" አለች ሳኔልማ፤ ሐቀኛ ናት። "አፈሙዙ ከፍ ይላል፤ ሁለተኛውን ጥይት ትጠብቂያለሽ። ለፈጣን ሰው ያ ጉዳት ነው።"

ቱዎቪ እጀታውን ገልብጣ በውስጡ ያለውን ክፍት ቦታ አየች።

"እዚህ ጋ የነሐስ ድፍን አስገብቼ ላክብደው እችላለሁ።"

"አንቺ ሴትዮ! ቀሎ ጣትሽን እንዲያሳርፍ ያመጣሁልሽን ልታከብጂው? ታዲያ ብረትሽን አትይዢም?"

ቱዎቪ ስትሸነፍ እንደምታደርገው ወደ ቶርኖው ዞረችና አበራችው።

ማክሰኞ ደቦ ነበር። የዝናብ መውረጃው ተጠረገ፤ የኢላማ ማቆሚያ እንጨቶች ተቀየሩ፤ ከዚያ እንደ ወጉ ጉድጓዱ ጫፍ ላለችው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ለሳውናዋ፣ እሳት ተለኮሰላት። ቋሊማው እየተጠበሰ ሳለ አርማስ ፍርዱን ሰጠ።

"ጥሩም መጥፎም እያላችሁ አትድከሙ። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው። ሳውና ውስጥ ብታስገቡት እንደ አይብ ይለጠጣል።"

"አይለጠጥም" አለች ሳኔልማ።

"ይለጠጣል" አለች ቱዎቪ። የሳኔልማ ወዳጅ ብትሆንም የብረት ወገን ናት።

ሌላ አገር ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። እዚህ ግን ሳውናዋ ሞቃለች፤ ሽጉጦቹም አሉ። ራውኖ አለቃ ነውና የደንቡን መጽሐፍ በልቡ ገለጠ፤ ሽጉጥን ሳውና ማስገባትን የሚከለክል መስመር አላገኘም። ሁለቱም ሽጉጦች ካዝናቸው ወጣ፤ ጥይት መጉረሻቸው ተከፍቶ ታየ፤ ሦስት ሰው ተራ በተራ "ባዶ" አለ። ተራው የሴቶች ስለነበር ቱዎቪና ሳኔልማ ልብሳቸውን አውልቀው፣ ሽጉጦቹን እንደ ክቡር እንግዳ ላይኛው መደብ ላይ አስቀምጠው፣ አጠገባቸው ተቀመጡ። ሳኔልማ ድንጋዩ ላይ ውሃ ቸለሰች። እንፋሎቱ ጆሮ የሚልጥ ነበር።

"ቀለጠ?" አለ አርማስ ከበሩ ውጭ።

"አልቀለጠም!"

"ጨምሩበት!"

ጨመሩበት። ደግመው ጨመሩበት። ላብ ከአፍንጫቸው ይንጠባጠባል።

"አሁንስ?"

"አንተ ነህ የምትቀልጠው! ከበሩ ላይ ዞር በል!"

በመጨረሻ ሳኔልማ በፎጣ ጫፍ ፕላስቲኩን አነሣችው። ገላው እንደነበረ ነው። የተለጠፈው ጎማ ብቻ ሙጫው ቀልጦ መደቡ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ እጀታው ራቁቱን ሆነ፤ እንደ እነሱ።

"ሙጫው ነው እንጂ እሱ አይደለም! እዪው! ቀጥ ብሏል!"

ቱዎቪ ተናደደች። ስትናደድ ደግሞ የምታደርገው ሃያ ዓመት ያደረገችውን ነው፤ እጇን ሰደደችና ብረቷን አነሣች። በዚያ ራሷ በሠራችው፣ በሻከረ የአሉሚኒየም እጀታ።

ዕድሜዋን ሙሉ የጋለ ብረት አጠገብ የኖረች ሴት። እንደ ተለማማጅ!

ጩኸቷን አርማስ የድል እልልታ መስሎት "ቀለጠ! ቀለጠ!" እያለ ጨፈረ።

ሳኔልማ የቱዎቪን እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክራ፣ ቆየት ብላ፣ የላም ሰኮና በምትጠቀልልበት ሰማያዊ ፋሻ አሰረችላት። መዳፏ ላይ የሞረዱ ጥርስ በመደዳ ታትሞ ነበር።

ሐሙስ ቱዎቪ እጇን በፋሻ እንዳሰረች መጣች። ቋሊማው ሽታውን ጀምሯል። ብረቷን ከሣጥኗ አውጥታ ጨበጠች፤ ወዲያው ለቀቀቻት። ሻካራው እጀታ ቁስሉን ነክሶታል።

ራውኖ ሁሉን አይቷል።

"ተይው ቱዎቪ። ሰው ይረዳሻል። አርማስም ብቻውን ነው።"

ከመጥበሻው በኩል አርማስ ቀና አለ። በዚህ ጊዜ መቆንጠጫውን ኪሽ አላደረገም፤ የማክሰኞው ነገር ቆጭቶታል።

ቱዎቪ ወደ ሳኔልማ ዞረች። "አምጪው ያንን የእርጎ ዕቃ።"

ጎማው የተላጠው እጀታ ልሙጥ ነው፤ ቁስሉን አልነከሰውም። ግን መጭመቅ አልቻለችም። ጠበቅ ልታደርገው ስትል መዳፏ ያቃጥላታል፤ ስለዚህ እንደ እንቁላል ያዘችው። አውራ ጣቷ ሥራ አጥቶ ተጋደመ።

"ጢጥ።"

መዘዘችው። ጨርሶ የማይከብድ ነገር! እጇ ከጠበቀችው ቀድሞ ኢላማው ላይ ደረሰ። ተኮሰች፤ አፈሙዙ እንደ ፍየል ዘለለ። በብረቷ ቢሆን እንዳይዘል ታንቀው ነበር፤ አሁን ማነቂያም የላት። *ዝለል እንግዲህ* አለች በልቧ፤ ዘሎ እስኪወርድ ጠበቀችው፤ ደግማ ተኮሰች። ኢላማ፣ መጠበቅ፣ ኢላማ። ያንን እርጥብ ስፖንጅ ቃታ እየረገመች፣ እየጠበቀች፣ እየበሳች ሄደች። ካዝና ቀየረች፤ አልወደቀም። ሳህኖቹ አንድ በአንድ ኳ እያሉ ተጋደሙ።

"ላም እንኳ ከዚህ ፈጥና ትወልዳለች!" ብላ ጮኸች ሳኔልማ ከኋላ።

ስትጨርስ ራውኖ ኢላማዎቹን ዞሮ አየ፤ ደግሞ ዞሮ አየ። አዝግማለች፤ ግን አንድም አልሳተችም። አውራ ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች። እንደተለመደው አልጮኸባትም። መዳፏ እየነደደ፣ ጣቷ ዝም ብሏል።

"ሃያ ዓመት ሙሉ አንቄሽ ነበር" አለች፣ ሣጥን ውስጥ ላለችው ብረት።

ሳኔልማ አንደኛ ወጣች፤ የኮርፔላ ወንድማማቾች ምንም ሳይናገሩ ተከታተሉ። በመጨረሻ የተኮሰው ራውኖ ነበር። እንደ እሳት ሮጠ፤ እንደ በረዶ ጥይት አወረደ፤ ሰዓቱ የዕለቱ ምርጥ ሆነ። ሁለት ቀዳዳ ግን ከካርቶኑ ውጭ አየር ላይ ቀረ፤ አንዷ ሳህንም ቆማ ታየዋለች።

"ሰዓቱ ግን..." አለ።

"ሰዓቱ ግሩም ነው" አለች ሳኔልማ። "ሳህኗም መስክራለች።"

ተደመረ፣ ተቀነሰ። ቱዎቪ አራተኛ፣ ራውኖ አምስተኛ።

የኮርፔላ ታናሹ አፉን ከፈተ፤ መንደሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ሰማ፤ "እናትህም ብትሆን" አለ።

"ታዲያ ትገዢዋለሽ?" አለች ሳኔልማ ሽጉጧን እየተቀበለች።

"ለሃርማላ አውሺኝ። ከዚያ በኋላ እገዛለሁ። ግን እንደማልወደው ይታወቅ። ቃታው አሁንም አስቀያሚ ነው። ጎማም ከለጠፍሽበት አልነካውም።"

"ብረቷስ?"

"እሑድ እሑድ ዘይት እቀባታለሁ። ጡረታ መውጣት ያለበት የእኔ ሽጉጥ እንጂ እኔ አይደለሁም።"

ራውኖ እስከዚያ መጥበሻው ጋ ደርሶ ነበር። አርማስ ሽርጡን ፈትቶ በራውኖ አንገት አጠለቀለት፤ ከኋላ በደንብ ቋጠረው፤ መቆንጠጫውን እጁ ላይ አኖረ።

"ለዛሬ ብቻ ነው" አለ ራውኖ።

"አዎ" አለ አርማስ ወንበር እየሳበ። "እንደዚያ ነው የሚባለው።"

ቱዎቪ በፋሻ የታሰረ እጇን ዘረጋች።

"የእኔን ጠበስ አድርገው። ሰናፍጭ አብዛ። አትቸኩል ደግሞ፤ ስትቸኩል ትስታለህ።"