ለድመቷ የተገዛው መድኃኒት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጎንደር ደወለችልኝና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም፣ «እማዬ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ የሚታመን ሰው ይጥፋ?» አለችኝ። ቤቷ የተዘረፈ ወይም ከባሏ የተጣላች መሰለኝ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ለአምስት ቀን ለሥራ ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ባሏም መስክ ወጥቷል፤ ድመቷ ደግሞ ድዷ መግሎ ጠዋትና ማታ ክኒን ትወስዳለች፤ ክኒኑን የሚሰጥላት ሰው ጠፋ። አንዷ ጓደኛዋ ምግብ እሰጣታለሁ እንጂ አፍ መፈልቀቅ አልችልም ብላታለች። ጎረቤቷን ድመት አጠገቡ ስትደርስ ያስነጥሰዋል። የግቢው ጥበቃ እሺ ብሏል፣ ግን እሺ ሲል አንድ እጁን ከካፖርቱ ኪስ አያወጣም፤ ልቡ እንደሌለበት ያስታውቃል አለችኝ።

ስልኩን እንደያዝሁ ከበረንዳዬ መንገዱን አያለሁ። ጊዜው ጥቅምት ነው። እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ከባጃጆቹ ጋር እየተጋፉ ያልፋሉ፤ አቧራው ራሱ ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ልጄ «ሰማሽኝ ወይ?» ትላለች። ሰምቻታለሁ። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ፣ በዚሁ ወር፣ ኮኪት በምትባል የቆላ ከተማ ድመት ታቅፌ ከሰው ሰው እዞር ነበር። መልሼ እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከደብረ ታቦር ወርጄ ኮኪት የተመደብሁ አዲስ መምህርት ነበርሁ። ሙቀቱን እንደምንም ለመድሁት። ጊንጡንና እባቡን ግን እስከ ዛሬም አልለመድሁት። ድመት ያስያዘኝም እሱ ነው። ዥንጉርጉር ስለነበረች ጥርኝ ብዬ ስም አወጣሁላት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ከአልጋዬ ሥር የክንዴን ያህል እባብ ገድላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ አጠገቡ ቁጭ ብላ እግሯን ስትልስ አገኘኋት። ከዚያ ወዲያ እሷ እግሬ ሥር ካልተጋደመች እንቅልፍ አይወስደኝም። ሰው ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ።

በዚያ ጥቅምት የኋላ እግሯን አንድ አውሬ ነክሷት መጣች። በሁለት ቀን ውስጥ እግሯ አበጠ፣ መግል ያዘ፣ እህል ተወች። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ዘንድ ወሰድኋት። የሰውየው ሥራ በሬና ግመል ነው፤ ድመት በነጠላ የጠቀለለች መምህርት በር ላይ ሲያይ እስኪበቃው ሳቀ። ሲጨርስ ግን በደንብ አያት። ቁስሉን አፍርጦ አጠበው። እሱ ዘንድ ያለው የከብት ክኒን የአውራ ጣት ያህል ስለሆነ፣ ከሰው መድኃኒት ቤት የምገዛውን በብጣሽ ወረቀት ጻፈልኝ። ግማሽ ፍሬ ጠዋት፣ ግማሽ ፍሬ ማታ፣ ለስምንት ቀን። «ከመሃል ከምታቋርጭው ባትጀምሪው ይሻላል» አለኝ። ይህን ቃል እኔም በኋላ ለሌላ ሰው ደገምሁት፤ ባልደግመው ኖሮ እላለሁ እስካሁን።

የኮኪት ብቸኛ መድኃኒት ቤት ስደርስ ባለቤቱ በሩን ሊቆልፍ ቁልፉን ይዞ ቆሟል። እሱም እንደ ሌላው ሰው እርሻ አለው፤ ለአጨዳ ሊወርድ ነው። ተነጫንጮ ተመለሰና፣ የምትተፋው ቢኖር ብሎ አሥር ፍሬ ሰጠኝ። ከዚያ ቆልፎ ሄደ።

ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ደርሶ ቶሎ ካልታጨደ ፍሬው አፉን ይከፍትና መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመት ልፋት ለወፍ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ነጋዴው ሱቁን፣ መምህሩ ጠመኔውን ጥሎ ይወርዳል። የታጨደውን ነዶ አቁመው የሚያደርቁበትን ሂላ የሚሉትን ክምር የሚጠብቅ እንኳ ሰው አይገኝም። ከስልሳ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ የቀሩት አሥራ አንድ ነበሩ። እና ልክ በዚያ ሰሞን፣ ጥርኝ መድኃኒቷን በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ ለዲፕሎማ የመግቢያ ፈተና ጎንደር እንድቀርብ ደብዳቤ መጣልኝ። ከመንገዱ ጋር አምስት ቀን። ከቀረሁ ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ይዣት ልሂድ እንዳልል፣ የምንሄደው በሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን በጭነት መኪና ነው፤ በዚያ እግሯ ጎንደር አትደርስም።

መጀመሪያ የሄድሁት ባለሱቁ ሐጂ እድሪስ ዘንድ ነው። ሱቃቸው ውስጥ አራት ድመት ያለ ሥጋት ይተኛል፤ ከስኳር ጆንያው ላይ እንኳ አያስነሷቸውም። ጥርኝን ሲያዩ «መስኪን!» አሉና ራሷን ዳሰሱላት። ምግቧም ውሃዋም በኔ ይሁን አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ክኒኑን ሳወጣ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ልጄ፣ ድመት ሱቄ የምትገባው አምናኝ ነው። አፏን በግድ ከፈለቀቅሁት ሁለተኛ አታየኝም።»

ለአምስት ቀን ብትጠላዎት ምን አለበት ብዬ ለመንኋቸው። ሌሎቹም ያያሉ አሉኝ፣ አራቱን እየጠቆሙ። አልቀለዱም።

ቀጥሎ ለነዳጅ የመጣ አንድ የማውቀው የትራክተር ሹፌር አገኘሁ። ትከሻው በር የሚያክል ሰው ነው። ይቺን ነው እንዴ ብሎ ባንድ እጁ አነሳት። ወዲያው መልሶ አስቀመጣት፤ አውራ ጣቱ እየደማ ነበር። ትራክተር ማርሽ አለው፣ ፍሬን አለው፣ ይቺ ምን አላት ብሎኝ ሄደ። ከመምህራን የቀረ አንድ ባልደረባዬ ደግሞ በወተት በጥብጬ እሰጣታለሁ አለ። እዚያው ሞከርነው። ወተቱን አሽትታ ዞረችበት። «እንግዲህ መዳን አልፈለገችም ማለት ነው» አለኝ፣ ወተቱን ራሱ ከደፋው በኋላ። በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

የቀሩኝ አከራዬ ነበሩ። እትዬ ደብሬ ይባላሉ፤ የቆላውን ሕይወት ብቻቸውን የተጋፈጡ ጠንካራ ሴት ናቸው። ከደጋ የሚወርዱት የጉልበት ሠራተኞች ዕቃቸውን የሚያስቀምጡት፣ ሲደክማቸውም ሲያማቸውም የሚያርፉት እሳቸው ግቢ ዳስ ሥር ነው። አጨዳ የማይወርዱትም ለዚህ ነው። መጀመሪያ ላይ አይሆንም ብለውኝ ነበር። የከብት መድኃኒት መርዝ ነው፣ እጄ እህል ላይ ነው፣ አልነካም አሉ። ዕለቱ መሽቶብኝ፣ ጠዋት መንገደኛ ነኝ። ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኋቸው።

«የሰው መድኃኒት ነው፣ እትዬ። እርስዎ ራስዎ ቢውጡት ምንም አይልዎትም።»

ፊታቸው ተፈታ። እስቲ አሳይኝ አሉ። ጥርኝን እግሯ እንዳይጫን አድርጌ በነጠላ ጠቀለልሁ፣ ግማሿን ፍሬ ከጓንግ ወንዝ በመጣ ዓሣ ቁራጭ ውስጥ ደበቅሁ፣ በአፏ ዳር አስገብቼ ጉሮሮዋን ወደ ታች ዳበስሁ። እሳቸው ሲሞክሩት ከኔ ይልቅ ቀለላቸው። ጥርኝ ጥፍሯን እንኳ አላወጣችም። ስለተደሰትሁ ሦስት ጊዜ ነገርኋቸው፦ ከመሃል ከተቋረጠ ባይጀመር ይሻላል። ሰማሁሽ አሉ። ሰምተውኝ ነበር።

ጎንደር ላይ ፈተናውን እንዴት እንደሠራሁት አላውቅም። ጠዋት ወረቀት ሲታደል፣ አሁን ወሰደች እላለሁ። ማታ እህቴ ቤት እራት ሲቀርብ፣ አሁን ወሰደች እላለሁ። እህቴ ለባል እንኳ እንዲህ አይታሰብም ብላ አሾፈችብኝ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኮኪት ደረስሁ። ዳሱ ሥር አንድ ሰው አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ማሽላ እንጀራ ይበላል፤ ግራ እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጥርኝ ክፍሌ ውስጥ፣ ውሃዋ አጠገብ ተጋድማለች። ውሃው ንጹሕ ነው፣ ዓሣው ተቆርሶ ተቀምጧል፣ አልተነካም። እግሯ ሁለት እግር አክሏል። ሽታውን ገና ከበሩ ሰማሁት። መድኃኒቱ የነበረበትን ዕቃ ሳነሳ ባዶ ነው።

እትዬ ደብሬ አልተደበቁም። ተከትለውኝ ገብተው በሩ ላይ ቆሙ። አንድ ቀን ሰጥቻታለሁ አሉ። በማግሥቱ ጓደኞቹ ይህን ሰውዬ ተሸክመው አመጡት፤ ፈንቴ ይባላል፣ ከጎጃም የመጣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ማጭድ እግሩን ቆርጦት፣ ቁስሉ መግሎ፣ ትኩሳቱ ሲያቃዠው ነበር። መድኃኒት ቤቱ ዝግ ነው። ሐኪም ቤት ወዳለበት ገንዳ ውሃ የሚወስደው መኪና ሁሉ ሰሊጥ ሊያመጣ ማሳ ወርዷል።

«የሰው መድኃኒት ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ» አሉኝ። «እግሯ ያበጠ ድመት የሚያድን፣ እግሩ ያበጠ ሰው አያድንም? ለሁለቱ ላካፍል አስቤ ነበር። ከመሃል ከተቋረጠ ዋጋ የለውም አልሽኝ። ታዲያ ከማንኛቸው ልቁረጥ?»

ተናደድሁ፤ እሱን አልዋሽም። የተናደድሁት በሳቸው ነው፣ እንጀራውን በሚበላው ሰውዬ ነው፣ በመድኃኒት ቤቱ ቁልፍ ነው፣ በሐጂ እድሪስ አራት ድመቶች ነው፣ አገሩን ሁሉ ጠርጎ በወሰደው ሰሊጥ ነው። አንድ ሰው ላይ እንዳልጮህ፣ ተራ በተራ ሳስባቸው ጥፋተኛ የምለው አጣሁ። ጥፋተኛ ማጣት እንዲህ እንደሚያናድድ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ጥርኝን ታቅፌ የእንስሳት ባለሙያው ዘንድ ሮጥሁ። እሱም አጨዳ ወርዷል።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ እግሬ ሥር ሞተች። ፈንቴ ሰምቶ በዱላ እየተደገፈ መጣና፣ ብከለክለውም መቆፈሪያ ይዞ ከኒሙ ዛፍ ሥር ጉድጓድ ማሰላት። ሲጨርስ ላቡን ጠረገና ዓይኔን ሳያይ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህርት። የሷን ዕድሜ ነው የሰጠሽኝ» አለኝ። ደግ ሰው ነበር። ምንም አይደለም ማለት ይገባኝ ነበር። አላልሁትም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። በሳምንቱ ድኖ ወደ ማሳው ሲመለስ እንኳ ወጥቼ አልተሰናበትሁትም።

ፈተናውን አልፌያለሁ። ከቆላው ወጣሁ፣ ተማርሁ፣ አግብቼ ተመልሼ መጣሁ። እትዬ ደብሬ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልክ ነበሩ። ይህንን ለሰው ስነግር ሁሉም ልክ ነበሩ ይለኛል፣ እኔ ያላወቅሁት ይመስል። ልክ መሆናቸው ንዴቴን አንድ ቀን አላበረደልኝም። ዛሬም ሰሊጥ ሲሸተኝ ድመቴን ነው የማስበው፤ ከሷ ቀጥሎ ደግሞ ያልተሰናበትሁት ሰው ይመጣብኛል፣ እና በራሴ እናደዳለሁ።

ለልጄ መልሼ ደወልሁ። የድመቷ ክኒን የሰው ነው የከብት ብዬ ጠየቅኋት። የሰው ነው፣ ከፋርማሲ ነው የገዛሁት አለች። እንግዲያው ይህን ለማንም እንዳትናገሪ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት።

«ያ የግቢው ጥበቃ፣ ከኪሱ የማያወጣው እጁ ምን ሆኖ ነው?» አልኋት።

«አልጠየቅሁትም» አለችኝ። «በጨርቅ የተጠቀለለ ይመስለኛል፤ ከኪሱ አፍ ላይ ጨርቅ ብቅ ብሎ አይቻለሁ። ምነው?»

«ሂጂና ጠይቂው» አልኋት። «ሐኪም ቤት ውሰጂው። የድመቷን ነገር ከዚያ በኋላ ታነሽለታለሽ።»