ሞተር አሟቂው

ማክሰኞ፣ መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን፣ ማለዳ፣ ሾፌሩ እንደ ልማዱ የመኪናዋን ኮፈን በመዳፉ ዳሰሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጌታው ከመውጣታቸው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ሞተር ያሞቅ ነበር። የሙቀት መለኪያዋን መርፌ «ወረተኛ ናት» ብሎ አያምናትም፤ የሚያምነው መዳፉን ብቻ ነው። ሚስቱ «ከኔ ይልቅ ያቺን ትዳብሳለህ» እያለች ታሽሟጥጠው ነበር።

ባለፈው ወር ዓይኑ ከድቶት የግቢውን በር ምሰሶ ከፋቀ ወዲህ ግን ሥጋት ገብቶታል። ሊያባርሩት ይሆን? ጌታው ዝም ባሉ ቁጥር ፍርድ የተጻፈበት ይመስለዋል።

የጌታው ልጅ ወፍራም መዝገበ ቃላት ታቅፋ ወደ በረንዳው ወጣች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ቤት ያመላለሳት እሱ ነው።

«አባባ፣ ሾፌር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሆኜው አላውቅ?»

«አታውቅም! እንግሊዞች ቃሉን ከፈረንሳዮች ነው የወሰዱት። ፈረንሳዮቹ ጋ ‹አሟቂ› ማለት ነው፤ የባቡር እሳት የሚቆሰቁሰው ሰውዬ። መኪና በእንፋሎት ሲሄድም ቀድሞ እሳት የሚያነደው እሱ ነበር። እንግሊዞቹ እሳቱን ትተው፣ ተቀጥሮ የሰው መኪና ለሚነዳው ብቻ አዋሉት።»

የሾፌሩ ደረት ተነፋ። ከአራተኛ ክፍል ላልዘለለ ሰው መጽሐፍ ሲመሰክርለት ቀላል ነገር አይደለም።

«አየሽ የኔ ልጅ! እኔስ ምን እሠራ ኖሬአለሁ?»

«ሌላም አለ፤ ድሮ ፈረንሳይ አገር የሰው እግር እሳት ላይ እየጠበሱ ‹ገንዘብህን አውጣ› የሚሉ ሽፍቶችም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።»

«ለካ ነዳጄ እንዲያ የሚያልቀው ወዶ አይደለም!» አሉ ጌታው፣ ክራባታቸውን እያጠበቁ ብቅ ብለው። «ስማ፣ ከነገ ጀምሮ የሚነዳ ሌላ ሰው ቀጥሬአለሁ። አንተ መጽሐፉ እንዳለው እያሞቅህ ኑር። ያላንተ እጅ ይቺ መኪና መች ትነሣለች?»

ልጅቷ አፏን በመዝገበ ቃላቱ ሸፈነች።

ጥላውን እንኳ የሚጠረጥር ሰው፣ ይህችን ብቻ ሳይጠረጥር አመነ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» ብሎ እጅ ነሣ።

በማግስቱ በሰዓቱ መጣ። ዘበኛው አስገባው፤ ቁልፉን ግን ከለከለው።

«ለአዲሱ ብቻ ነው የተባልኩት፣ ጋሼ።»

«አሙቅ ብለውኛል እኮ!»

«ቀልደውብዎት ነው። ትናንት ለእንግዶቻቸው ሲያወሩት ሳቁ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር።»

ሾፌሩ አንድ ተስፋ ቀርቶታል፦ ካልሞቀች አትነሣም፤ ያን ጊዜ ራሳቸው ይጠሩታል። ግድግዳውን ተደግፎ ጠበቀ።

ጌታው ከኋላ ተቀምጠው መስታወቱን ዘጉ። አዲሱ ሾፌር ቁልፉን ሳይሰካ በፊት ሽማግሌው ጠጋ ብሎ ኮፈኑን በመዳፉ ዳሰሰ።

እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። አዲሱ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረ። ሞተሩ ተነሣ።