ከሶፍቷ እንዳትለይ

ኴክ ቦን ቴክ አውቶቡስ ሲነዳ አይቸኩልም፣ ጥሩንባ አያበዛም፣ የተሳፈረች አሮጊት ወንበር ይዛ ሳትደላደል ከፌርማታ አይነሳም። በሲንጋፖር፣ በቶአ ፓዮህ ሰፈር መንገዶች ስንቱን የሰው ልጅ በደህና አድርሷል። በገዛ ልጆቹ ጉዳይ ግን እሱን የሚያምነው ሰው አጣ።

ሚስቱ ሲዮክ ህዋ በካንሰር ስትሞት ሁለት ልጆች ትታለት ሄደች፤ የሰባት ዓመቷን ሁዊ ሚንን እና አራት ዓመት የሞላውን ዌይ ሃንን። ቦን ቴክ ሥራ የሚገባው ጎህ ሳይቀድ ነው። ልጆቹን ቀስቅሳ ለትምህርት ቤት የምታሰናዳቸው ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤት ነበረች፤ እሷም እየዋለ ሲያድር ደግነቷ ሳስቶ በሩን የምትከፍተው ፊቷን አጥቁራ ሆነ።

ይህን ሁሉ የሚስቱ እናት ያውቃሉ። ልጆቹ ፖፖ ይሏቸዋል። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ልጃቸውን ከሸኙ ወዲህ ግን የቀራቸው ሁሉ ከእጃቸው የሚያመልጥ ይመስላቸዋል። በየእሑዱ ሾርባ እየቀዱ ያንኑ ይደጋግሙበታል። ልጆቹን ስጠኝ፣ ተነስተው የሚያዩት ግድግዳ ብቻ ነው፣ እኔ ጋ ቢያንስ የሚያጎርሳቸው ሰው አለ።

ሲዮክ ህዋ አልጋ ላይ ሆና ለልጆቹ የገባችላቸው ቃል ነበር፤ ሲሻለኝ በመርከብ እንሄዳለን የሚል። አልተሻላትም። የሐዘኑ መቶ ቀን ሲያልፍ ቦን ቴክ ቃሏን እሱ ሊፈጽምላት ተነሳ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከሲንጋፖር ተነስቶ የማሌዥያዋ ፔናንግ ደርሶ በሚመለስ የሽርሽር መርከብ ላይ ለሦስት ሰው ቦታ ያዘ። ፖፖ ይህን ሲሰሙ ጭልፋውን አስቀመጡ።

«ለብቻህ?»

«ለብቻዬ፣ ማ።»

አሮጊቷ የሾርባውን ድስት ከደኑ። «ጥሩ፣ ሂድ» አሉ በመጨረሻ። «እንደወሰድካቸው ከመለስካቸው ሁለተኛ ይሄን ወሬ አላነሳብህም። አንዳቸው አንድ ነገር ቢሆኑ ግን፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚኖሩት እዚህ ነው። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አለ ቦን ቴክ። ሹፌር አይደል፤ ሰው ወስዶ መመለስ ምን ያቅተኛል ብሎ ነው።

የሽርሽር መርከብ እናትም አባትም አብረው ላሉበት ቤት የተሠራ ነገር ነው። ይህን አስቀድሞ የሚነግርህ የለም፤ ገብተህ ታየዋለህ። ገና በመሳፈሪያው ድልድይ ላይ ፍልቅልቅ ያለ አንድ ፎቶ አንሺ አቆማቸውና ፈገግ በሉ አለ። ወዲያው ደግሞ ቆይ ማሚ ትምጣ አለ፣ ወደኋላቸው እያየ። ዌይ ሃን ቁጣም ሐዘንም በሌለበት ድምፅ «ማሚ ማሰሮ ውስጥ ናት» አለው፤ አስከሬኗ ተቃጥሎ አመዷ በማሰሮ ሲቀመጥ አይቷል። ሰውየው ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁዊ ሚን እጅጌ ላይ የተሰካችውን የሐዘን ጨርቅ አየና ሳቁን ዋጠው። መቶው ቀን አልፏል፣ አውልቂያት ብትባል እምቢ ብላ ነበር። ፎቶውን አነሳቸው፣ በኋላም ሊሸጥላቸው አልመጣም።

ቦን ቴክ ልብሱን ለውጦ ገላውን ሊታጠብ ሲል ገና ነገሩ ገባው። እሱ ሻወር ከገባ ማን ይጠብቃቸዋል? በሩን ከፍቶ፣ ውሃው ወለሉን እያረሰው፣ በየመሃሉ እየተጣራ ታጠበ። መታጠቢያ ቤቱ ትንሽ፣ ልጆቹ ብዙ የሆኑ መሰለው። ሁዊ ሚን የሴቶች ሽንት ቤት ስትገባ እሱ የትንሹን እጅ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ የሚገቡ የሚወጡት ሴቶች እንደ ሌባ ያዩታል። መዋኛው ጋ አንዱ ጥልቀት ወዳለው ሲያመራ ሌላዋ ወደ ተንሸራታቹ ትሮጣለች፣ አንገቱም እንደ ማራገቢያ ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል። ሌላው አባት ወንበር ላይ ተጋድሞ ቢራውን ይጠጣል፤ ቦን ቴክ የራሱን ሻይ እንኳ ትኩሱን አልቀመሰም።

ቢሆንም የመጀመሪያው ቀን በደህና አለፈ። ማታ ልጆቹ ሲያንቀላፉ አልጋውን ገፍቶ ከበሩ ጋር አጋጠመውና እግሩን በሩ ላይ ጭኖ ተኛ። ያለ እሷም ልጆቹን መያዝ ይቻላል ማለት ነው ብሎ አሰበ። ያን በማሰቡ ደግሞ አፈረ።

በማግስቱ ምሳ ላይ የቡፌው አዳራሽ የገበያ ቀን ሆኖ ጠበቃቸው። የሲንጋፖር ሰው ነጻ ምግብ ሲያይ ምን እንደሚሆን ይታወቃል፤ ሳህን በሳህን ላይ፣ ሰልፉ እስከ በር። ዌይ ሃን ከመዋኛ መጥቶ ደክሞታል፣ አልራመድም ብሎ ወንበር ላይ ዘርፈጥ አለ። እንደ እድል ጥግ ላይ አንድ ባዶ ጠረጴዛ ተገኘ። ቦን ቴክም በሰፈሩ የምግብ አዳራሽ ዕድሜውን ሙሉ ሲያደርግ የኖረውን፣ አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ከኪሱ የታሸገች የኪስ ሶፍት አወጣና ጠረጴዛው መሃል አስቀመጣት። ሶፍት ያለበት ጠረጴዛ ባለቤት አለው፤ ይህን ሚኒስትርም ቢሆን አይነካውም።

«ይህችን ታያለህ?» አለው ልጁን። «እኔና እህትህ ኑድል ይዘንልህ እንመጣለን። አንተ ከሶፍቷ እንዳትለይ። ማንም ቢመጣ እንዳትለያት።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ሲዮክ ህዋ በነበረችበት ጊዜም እንዲሁ ነበር፤ አንዱ ይሰለፋል፣ አንዱ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ግን ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ነበር። ይህቺ ልዩነት በዚያ ሰዓት አልታየችውም። መጀመሪያ ላይ ከሰልፉ ሆኖ የልጁን ጭንቅላት ያይ ነበር፤ ሰልፉ በሾርባው ምድጃ በኩል ሲታጠፍ ጠፋበት።

ሳህኖቹን ተሸክመው ሲመለሱ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ቤተሰብ ተቀምጧል። ሶፍት የለችም። ዌይ ሃን የለም። ሴትየዋ ሹካዋን እንደያዘች «አንክል፣ ስንመጣ ባዶ ነበር እኮ፣ ተጠርጎ» አለች። የመርከቡ ሠራተኞች የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ጠረጴዛ ላይ የቀረች ሶፍት ቆሻሻ ናት።

ቦን ቴክ ኑድሉን የት እንዳስቀመጠ አያስታውስም። መዋኛው ጋ ሮጠ፣ ውሃውን እስከ ወለሉ አየ። ተንሸራታቹ፣ ደረጃው፣ ሊፍቱ። ሁዊ ሚን ከኋላው እየሮጠች የወንድሟን ስም ትጠራለች። ከዚያ የመርከቡ ጠርዝ ጋ ቆመ። ብረቱ አንድ ሕፃን ሊያልፍበት እንደማይችል ዓይኑ እያየ፣ ልቡ ግን ልጁን በብረቱ ውስጥ ደጋግሞ አሳለፈው። ባሕሩ ጸጥ ብሎ ወደኋላ ይሄዳል። ወድቆ ከሆነ የወደቀበት ቦታ እንኳ ይሄኔ ከኋላ ቀርቷል፣ መርከቡም እንደኔ አውቶቡስ ለአንድ ሰው አይቆምም ብሎ አሰበ።

የጥበቃ ሹሙ መጥቶ ሬዲዮኑን አፉ ላይ ይዞ ጠየቀው። ምን ለብሷል?

ቦን ቴክ አፉን ከፈተ። ጠዋት በእጁ ያለበሰው እሱ ነው። አንገቱን ያስገባ፣ እጁን በእጅጌው የሳበ እሱ ነው። ምንም አልመጣለትም።

«ቢጫ ካናቴራ፣ ዳይኖሰር ያለበት» አለች ሁዊ ሚን። «ሰማያዊ ቁምጣ። የግራ ጫማው ማሰሪያ ተፈቷል።»

ልጁ የተገኘው ከአዳራሹ ጀርባ፣ እንግዳ በማይገባበት ሳህን ማጠቢያ ክፍል ነበር። ጠረጴዛውን የጠረገው አስተናጋጅ ሶፍቷን ከትራፊው ጋር ጋሪው ላይ ሲጥላት፣ ልጁ ከወንበሩ ወርዶ ተከተላት። ጋሪው በተወዛዋዡ በር ሲገባ እሱም ሥር ሥሩን ገባ። ሶፍቷ ከሳህኖቹ ጋር ወደ ማጠቢያው ማሽን ስትሄድ እጁን ሰደደ። የፈላ ውሃ ነበር።

ከማጠቢያው ሠራተኞች አንዲት የበርማ ሴት ታቅፋው መጣች፣ እሷ እያለቀሰች፣ እሱ ሳያለቅስ። ቀኝ እጁ እስከ ክንዱ ቀልቶ ቆዳው ተነስቷል። በግራ እጁ የበሰበሰች የኪስ ሶፍት ጨብጧል።

«ፓ፣ ሰውየው ወሰዳት» አለ። «እኔ ግን አልተለየኋትም።»

ቦን ቴክ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ቢሰድበው፣ ቢመታው በተሻለው ነበር።

የመርከቡ ሐኪም ቁስሉን አጥባ፣ ቀብታ፣ በፋሻ ጠቀለለችው። ይድናል፣ ጠባሳው ግን አይጠፋም አለች። የቀረውን ጊዜ ከክፍላቸው እምብዛም አልወጡም። ፔናንግ ሲደርሱ እንኳ አልወረዱም፤ ከላይ ሆነው ሰው ሲወርድ አዩ። ቦን ቴክ ለፖፖ የሚለውን በሆዱ ሲያወጣና ሲያወርድ ሁዊ ሚን አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ራሱ ሾርባ ነካ እንላለን» አለች ቀስ ብላ። «አንተ አጠገቡ ነበርክ። ሃንን አስጠንቼዋለሁ፣ ሦስቴ በትክክል ብሎታል። አንተ ብቻ ዝም በል፣ ፓ።»

ዓይኗን አየ። የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን አልነበረም፤ ሲዮክ ህዋ በመጨረሻዎቹ ቀናት ጎረቤት ሲጠይቃት ደህና ነኝ የምትልበት ዓይን ነበር። ይህቺ ልጅ ዋሽታ ካዳነችኝ ዕድሜዋን ሙሉ እኔን ስትጠብቅ ልትኖር ነው ብሎ አሰበ። ማበጠሪያ አንስቶ ፀጉሯን አበጠረላት፤ አከፋፈሉን አበላሸው፣ እሷም እንዳላየች ሆነች።

ወደቡ ላይ ፖፖ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ፋሻውን ያዩት ከሩቅ ነው። ሲደርሱ ሁዊ ሚን ፈጠን ብላ ከፊት ወጣች።

«ፖፖ፣ ራሱ ነው፣ ሾርባ...»

«አይደለም፣ ማ» አለ ቦን ቴክ። «ብቻውን ጠረጴዛ ጠብቅ ብዬው ሄድኩ። የተቃጠለው በኔ ነው። እሷ እኔን ልታድን ነው።»

ሁዊ ሚን ዞር ብላ አየችው፤ ልታድነው ስትል የከዳት ይመስል። ፖፖ ግን አልጮሁም። አሸነፍኩህ የሚል ነገርም ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ እንዲያውም ያረጁት ያኔ ነው ማለት ይቻላል። ጎንበስ ብለው የልጁን ጣቶች በፋሻው ጫፍ በኩል አንድ በአንድ ነካኩ፣ ከዚያ ሻንጣውን ከቦን ቴክ እጅ ተቀበሉ።

«እሺ ብለኸኛል» አሉት።

«ብያለሁ።»

ልጆቹ የሌሊት ልብሳቸውን ሊይዙ ለአፍታ ቤት ገብተው በዚያው ዕለት ከፖፖ ጋር ሄዱ። በሳምንቱ መጨረሻ የቀረ ልብሳቸውን፣ ደብተራቸውን፣ ዳይኖሰሮቹን ጠቅልሎ ወሰደላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ከእነሱ ጋር እራት ይበላል፤ ዌይ ሃን በጠባሳው እጁ ማንኪያ ይይዛል፣ ሁዊ ሚን የትምህርቷን ስትጠየቅ ብቻ ትነግረዋለች። የሐዘን ጨርቋን እስካሁን አላወለቀችም፤ አውልቂ የሚላትም የለም።

የሄዱ ዕለት ማታ ቦን ቴክ የልጆቹን ክፍል መብራት ሊያጠፋ ገብቶ ነበር። የዌይ ሃን አልጋ ተነጥፎ፣ ትራሱ መሃል በውሃ በስብሳ የደረቀችው የኪስ ሶፍት ተቀምጣለች። ሳይነካት መብራቱን አጥፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ወለሉን ሲጠርግም አልጋው ጋ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል።

ከወራት በኋላ ከማሌዥያ፣ ከጆሆር፣ ድንበር እየተሻገረ የሚሠራ አንድ ጓደኛው ሹፌር መናኸሪያው ላይ ያዘው። መመላለሱ ገደለኝ አለው፤ አንዷ ክፍልህ ባዶዋን ናት ሲሉ ሰምቼ ነው፣ ምናለ ብታከራየኝ?

ቦን ቴክ የአውቶቡሱን መሪ በጨርቅ እየወለወለ ነበር።

«ተይዟል» አለው፤ ሞተሩንም አስነሳ።