የአባዬ ፎልደሮች ቀን

አባዬ የኮምፒውተሩን ቀን የሚሞላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው ስንለው፣ «ሐዋሳ ተቀምጦ የማንን ቀን ሊቆጥር ነው?» ይለናል። ታዲያ ጣጣው አያልቅም። ወር በገባ ቁጥር ያስተካክለዋል፤ ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ማሽኑ አስራ ሦስተኛ ወር አያውቅምና «ይረፍ» ብሎ ያጠፋዋል። እኛ በሳቅ እንሞታለን፤ እሱ ምንም አይመስለው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ሥራው የቤተሰቡን አሮጌ ፎቶዎች ስካን እያደረገ ጭረታቸውን ማጥፋት ሆነ። ለፎልደር ስም ማውጣት ግን ሞቱ ነው። አዲስ ፎልደር አንድ፣ አዲስ ፎልደር ሁለት እያለ ይነጉዳል፤ የፈለገውን የሚያገኘው በቀኑ ነው። ታቦር ተራራ ሥር ያለው ቤታችን መስኮቱ ክፍት፣ ሬዲዮው በቀስታ እያወራ፣ እሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ… ወይ ያ ጊዜ! አሁንም በጣም ይናፍቀኛል።

የሞተ ዕለት ጠዋትም እዚያው ነበር። እማዬ ለቁርስ ደጋግማ ጠራችው። «ቆይ፣ ይቺን ልጨርስ» አላት። እሷም ተናዳ «ከኮምፒውተርህ ጋር ብላ!» ብላው ገበያ ወጣች። ስትመለስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አርፏል። ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ምን ነበር የሚጨርሰው?

መልሱ በቀን ሲደረደር ከሁሉ በላይ የሚመጣው ፎልደር ውስጥ ነበር። እኔ ግን አልከፍትም አልኩ። ከነካሁት ቀኑ ይቀየራል ብዬ ፈራሁ፤ አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ የነካበት ቀን በእኔ እጅ እንዲጠፋ አልፈለግኩም። «አንቺ ደግሞ፣ ታቦት አደረግሽው!» ትለኝ ነበር እማዬ። ዘንድሮ ግን ዓይኗን ሞራ ጋረደባት። «ጭራሽ ሳይጨልምብኝ አሳዪኝ» ስትለኝ አንጀቴን በላችው፤ ቅዳሜ አብረን ልንከፍተው ተስማማን።

ምን ዋጋ አለው፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ። በባጃጅ አቅፌው እዚያው ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ጋ ወሰድኩት። ደግነቱ ከቀብሩ በኋላ ሁሉንም ወደ ትንሽ ሃርድ ዲስክ ገልብጬ ነበር። ጠጋኙ አዲስ ዲስክ ገጥሞ ከዚያ መለሰልኝና «አንድ ፋይል አልጎደለም» ብሎ አሳየኝ። ፎልደሮቹ በሙሉ የዚያኑ ዕለት ቀን ይዘው ተደርድረዋል፤ ያውም በፈረንጅ!

«ቀኑስ?» አልኩት።

«የድሮውማ ተበላሽቶ ነበር። ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ አገኘሁት፤ አስተካከልኩልሽ።»

ጮህኩበት። ምን አጠፋ ምስኪኑ! ደንግጦ አንዱን ፎልደር ከፈተ። «ፎልደሩ እንደ አዲስ ስለተፈጠረ ነው የዛሬን የያዘው። ውስጡ ያሉት ፎቶዎች ግን የራሳቸው ቀን አላቸው፤ ይኸው እዪ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የአባዬ ቀኖች እዚያው ነበሩ። ስህተቴን አምኜ ከምስጋና ጋር ይቅርታ ጠየቅኩት።

ማሽኑን ቤት ከመለስኩ በኋላ የመጨረሻውን ለማግኘት ፎልደሮቹን አንድ በአንድ መክፈት ግድ ሆነ። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «ይቺ የአክስትሽ ሠርግ ናት»፣ «ይሄን ሸሚዝ እኔ ነኝ የገዛሁለት» እያለች፣ እየሳቀች፣ እያስቆመችኝ ውለን የሞተበት ቀን ያለበት ፎቶ ላይ ደረስን።

እማዬ ራሷ ነበረች፤ ገና ልጅ እግር ሳለች ሐይቁ ዳር ቆማ። ፊቷ ላይ አንዲት ጭረት የለችም። ከአንገቷ በታች ግን ፎቶው እንደተቧጨረ ነው።

ስክሪኑ ላይ ልትለጠፍ እስክትደርስ ተጠግታ አየችው። «እኔን ነበር?» አለችና አለቀሰች። እኔም አልቻልኩም።

ሲወጣልን «የቀረውን ልጨርሰው?» አልኳት።

«ተዪው» አለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ቀሚሱ ያኔም አሮጌ ነበር።»