የአባቴ ዓይንና የሳይክሌ ጥርስ

ሞጣ ላይ ሳይክል የምትነዳ ሴት ሁለት ዓይነት ሰላምታ ታገኛለች። ሴቶቹ «ጎሽ የኔ ልጅ!» ይሏታል፤ ወንዶቹ ጎማዋን እያዩ «እንዳትወድቂ!» ይሏታል። ወድቄ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ግን አንድም ቀን እነሱ ባሉኝ ቦታ ወድቄ አላውቅም። የግብርና ባለሙያ ነኝ። ከከተማው ወጣ ያሉ ቀበሌዎች የሚያደርሰኝ ከባሕር ዳር የገዛሁት ያገለገለ የተራራ ሳይክል ነው። እሱ ከሌለ በእግር ነው፤ በእግር ከሆነ ደግሞ የምደርሰው ገበሬው በሬውን ፈትቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ሳይክሉ አመል አወጣ። ሜዳ ላይ ጨዋ ነው፤ ዳገት ሲያይ ግን ካቴናው «ቀጭ!» ብሎ ይዘልና ፔዳሉ እግሬን ይከዳዋል። ሞጣ ያለው ሳይክል ሠሪ ገልብጦ አየውና ፈረደ፤ ካቴናው ተለጥጧል፣ ካቴናው የሚዞርበት የኋላው ፒኞንም ጥርሱ ተበልቷል።

«ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ። አዲስ ካቴና ያለቀ ጥርስ ላይ አይቀመጥም» አለኝ።

ካቴናውን አዲስ ገዛሁ። የአዲስ ፒኞን ዋጋ ሲነግረኝ ግን እኔም እንደ ካቴናው ዘለልሁ። አዘነልኝ መሰለኝ፣ ቢቸና ገበያ ያገለገለ እንድፈልግ መከረኝ። «ጫፉ እንደ እሾህ የሾለውን እንዳትነኪ፣ እሱ ያለቀ ነው። ደልደል ያለውን ውሰጂ» ብሎ የእኔን ፒኞን ፈትቶ ለናሙና ሰጠኝ። እውነትም ጥርሱ ሁሉ ሾሏል።

ቢቸና የተወለድሁበት ነው፤ አባቴ እዚያው አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከብት ደላላ ነበሩ። የበሬውን ከንፈር በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው ጥርሱን ካዩ በኋላ «ይህ ገና ነው» ካሉ ገና ነው፤ «አልቋል» ካሉ ባለቤቱ ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አልነበረም። አንዳንዴ ታዲያ እሳቸው የመሰከሩለት በሬ ቀንበር ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ ገዢው በሚቀጥለው ገበያ በሬውን እየጎተተ ይመጣና በሰው ፊት ይጮህባቸዋል። እሳቸውም ይጮኻሉ፤ ተሟግተው ተሟግተው መጨረሻ ላይ ሌላ በሬ ያስለውጡለታል። ልጅ ሳለሁ ጠብ ይመስለኝ ነበር።

ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ደጃፍ ተቀምጠው ወደ ገበያ የሚነዳውን ከብት በዓይናቸው ይሸኛሉ። «እስቲ ይዩልን» የሚላቸው የለም። ወጣቶቹ ደላሎች በስልክ ይጨርሱታል። ይህ እሳቸውን ምን ያህል እንደሚያማቸው አላውቅም፤ እኔን ግን ያንገበግበኝ ነበር። ስለዚህ «አባባ፣ ገበያ አብረውኝ ይሂዱ» አልኋቸው። ለወሬ ነበር ያሰብሁት። እሳቸው ግን ኩታቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ጨብጠው የወጡት ለሥራ ነው።

ሻጩ ጆንያ ላይ የብረት ክምር ዘርግቶ ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉ ለእኔ ሳይክል የሚሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ዱልዱም፣ አንዱ ሹል። ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል ብዬ እጄን ወደ ዱልዱሙ ስሰድ የአባቴ ዱላ ቀደመኝ።

«ተይ! እሱ አሮጌ ነው። ጥርሱ እስከ ድዱ ማለቁን አታይም?» ሹሉን አንሥተው ወደ ፀሐይ ያዙት፣ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ይኸውልሽ! ስለቱ እንዳለ ነው። ይህ ገና ቀንበር አልነካውም።»

ሻጩ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም እውነቱን እናውቃለን። ለመናገር አፌን ከፈትሁ። በዚያው ቅጽበት አንድ የጥንት ደንበኛቸው ቆም ብለው «ዛሬ ደግሞ ምን እየመረጡ ነው?» አሏቸው። አባቴ ቀና አሉ። እንዲያ ቀና ብለው ካየኋቸው ቆይቼ ነበር። አፌን ዘጋሁና ሹሉን ገዛሁ።

ሞጣ ስመለስ ሳይክል ሠሪው የገዛሁትን አየ፣ ናሙናውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «እህቴ፣ የሄድሽው ልትቀይሪው ነው ወይስ ጓደኛ ልትፈልጊለት?» አለኝ።

«ዝም ብለህ ግጠም!» አልሁት። ገጠመው። የመጀመሪያው ዳገት ላይ፣ ቀጭ!

አባቴ ደውለው «እንዴት ነው?» ሲሉኝ «እንደ በቅሎ ነው አባባ!» አልኋቸው። ሲደግሙ ሰጋር በቅሎ አደረግሁት፤ ሲሠልሱ ጭራሽ ክንፍ አወጣ። እኔ ግን በየዳገቱ በቅሎዬን እየገፋሁ ነበር የምሄደው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አባቴ ደጄ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በዚያ ጉልበት አውቶቡስ ተሳፍረው! ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ «ያን በቅሎ አሳዪኝ» አሉ። ሜዳው ላይ ልጀምር ስል በዱላቸው ወደ ዳገቱ አመለከቱኝ። ወጣሁ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ወርጄ እየገፋሁ ተመለስሁ።

ከኩታቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ዱልዱሙ ፒኞን ነበር።

«የከብት ጥርስ ሲያረጅ ይዶለዱማል» አሉኝ፤ «የብረቱን ግን ካቴናው እየሞረደ ያሾለዋል። ሻጩን አፋጥጬ አወጣጣሁት።»

«እንዴት ጠረጠሩ?»

«ያን ዕለት አፍሽን ከፍተሽ ስትዘጊ አይቻለሁ። የበሬ አፍ ሳይ የኖርሁ ሰው የልጄን አፍ ማየት ያቅተኛል?»

«አባባ፣ በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ እኮ ነው።»

«ስንት በሬ በሰው ፊት ተመልሶብኛል! አንድም ቀን አላፈርሁም። ሰው የሚመልሰው በሕይወት አለ ለሚለው ደላላ ነው፤ ለሞተ ደላላ ማን ይመልሳል?»

ይህን ያሉት እየሳቁ ነው፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም። ከፋኝ፤ እንባዬ መጣ። እዚያ ቆሜ ማልቀስ ግን ምንም አይጠቅማቸውም ነበር። ሳይክሉን በመሪው እየጎተትሁ መንገዱ መሃል አቆምሁና ጎረቤት ሁሉ እስኪወጣ ጮህሁ።

«ኧረ የሰው ያለህ፣ ፍረዱኝ! እኒህ ደላላ ገና ነው ብለው መስክረው የሰጡኝ ዳገት ላይ ተኛብኝ! ይመልሱልኝ!»

አባቴ ለአፍታ ፈዘው አዩኝ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ የኩታቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው ወረወሩ።

«አያያዝ ሳታውቂበት በእኔ ታላክኪያለሽ? ምን አብልተሽው ነው የተኛብሽ?» ብለው ከእኔ ብሰው ጮሁ።

ጎረቤቶቼ ደንግጠው ሊገላግሉን መጡ። ተሟገትን፣ ተዘላለፍን፣ ሽማግሌ ይግባ ተባለ። አባቴ ሙግቱ ሲበቃቸው ዱልዱሙን ፒኞን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«በይ ለውጬልሻለሁ» አሉኝ፤ «ይህም እምቢ ካለ በሚቀጥለው ገበያ ጎትተሽ አምጪልኝ።»