የአባቴ ቆስጣ

ባለፈው ሰሞን ፒያሳ ላይ ሠራተኞች ለቧንቧ መሬት ሲቆፍሩ በአጠገባቸው አለፍኩ። ከታች የወጣው የእርጥብ አፈር ሽታ አባቴን አመጣብኝ።

እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና እሱ ብቻችንን ቀረን። ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ቆስጣና ሰላጣ ያበቅል ነበር። ጠዋት ጠዋት ዘንቢል ተሸክመን ዳገቱን እንወጣና አትክልት ተራ ለምትሸጥ አንዲት ሴት እናስረክባለን። ወንዙ ግን ከዓመት ዓመት እየጠቆረ ሄደ። በበጋ አረፋ ይዞ ይወርድ ነበር፤ ሽታው ልብሳችን ላይ ይቀራል።

አንድ ቀን ሴትዮዋ ዘንቢሉን ሳትነካ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። የወንዝ ዳር ቆስጣ ነው እያሉ ደንበኞቼ ትተውኝ እየሄዱ ነው» አለችው።

«እውነታቸውን ነው» አለ አባቴ። ዘንቢሉን መልሶ ተሸክሞ ቁልቁለቱን ወረደ።

በማግስቱ ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ ገደሉ ሥር ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ ላይ ከወገቡ በላይ ይታየኝ ነበር፤ ኋላ ራሱ ብቻ፣ ከዚያም ድምፁ ብቻ ቀረ። አንድ ከሰዓት «መጣልን! ባልዲውን ላኪልኝ!» ሲል ሰማሁት። ውሃው ሲጠል ኩልል አለ።

ሴትዮዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወርዳ በዓይኗ አየች። «በቃ፣ ምስክሩ እኔ ነኝ» ስትል አባቴ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ክረምቱ ገባ። ወንዙ ሞልቶ መደቦቹን ጠረጋቸው፤ ጉድጓዱን በጭቃና በፌስታል ደፈነው። አባቴ ጭቃውን አውጥቶ ሳይጨርስ፣ ቦታው ለልማት ስለሚፈለግ ልቀቁ ተባልን። ዛሬ እዚያ ሰው የሚንሸራሸርበት መንገድ ተሠርቷል። ያምራል።

እሱ አራት ኪሎ አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃ ተቀጠረ። ምሳ ሳደርስለት በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው በፊቱ ሲያልፍ የሚያናግረው አልነበረም። አንድ ቀን ግን ወንበሩን ባዶ አገኘሁት። ግቢ ውስጥ አበባዎቹ መሃል ተንበርክኳል። ለማንም ሳይናገር የዘራው ቆስጣ ቅጠል አውጥቶ ኖሯል። የሕንፃው ኃላፊ «እዚህ አበባ ብቻ ነው» ስላለው አባቴ በገዛ እጁ ይነቅለዋል።

ሥሩ እንዳይበጠስ ቀስ እያደረገ ነበር።

«ሊጣል አይደል አባዬ፣ ለምን ትጠነቀቃለህ?» አልኩት።

ቀና ሳይል፣ «ሌላ ቦታ ይገኝለት ይሆናል» አለኝ።

ቦታ እንደሌለን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ምሳውን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ጎኑ ተንበረከክኩ፤ እኔም እንደሱ ቀስ እያልኩ መንቀል ጀመርኩ።